የጋሽ ዳኜ ሴቶች

ለጋሽ ዳኜ ሁለት ጊዜ አልቅሰንላቸዋል። በመጀመሪያው ጊዜ በሕይወት ነበሩ፤ ለቀስተኛውን ወንበር እየሰጡ ያስቀመጡትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው፣ እውነተኛው፣ ገና ቅርብ ነው። ድንኳኑ ከተነሳ ወዲህ ገርጂ ያለው ሕንፃችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጸጥ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ጸጥታ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ከላይ ኮርኒሴን በእግሩ የሚመታ የለም፤ እኔም የምናደድበት አጥቼ ሥራ ፈትቻለሁ።

ኦፔራ እወዳለሁ የሚል ያገሬ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ሐሳብ ይዋሻል የሚል ነው። ብዙ ጊዜም አልተሳሳትኩም። ፕላስቲካቸው እንኳ ያልተቀደደ የኦፔራ ሸክላ ሣጥኖች ለእንግዳ ዓይን የተደረደሩባቸው ሳሎኖች አይቻለሁ። ጋሽ ዳኜ ግን እውነታቸውን ነበር። ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ ውሸታም ቢሆኑ ኖሮ አንድ ቅዳሜ አስቀምጠውን በቃችሁ ይሉን ነበር።

አንባቢ እንግዲህ ሻርፕ የጠመጠሙ፣ አውሮፓ ተምረው የመጡ ሽማግሌ በዓይነ ሕሊናው እንዳይስል። ጋሽ ዳኜ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለኢንሹራንስ የተጋጩ መኪኖችን ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሙያቸው በተጨረማመተ ቆርቆሮ ዙሪያ መዞር፣ “ይሄ ይጠገናል፣ ይሄ አይጠገንም” ማለት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ “ፍሬን ይዤ ነበር” የሚልን ሾፌር አለማመን ነበር። ኦፔራ የያዛቸው በወጣትነታቸው ከሠሩበት ጋራዥ ነው። ባለቤቱ ጣሊያናዊ ነበር፤ ሞተር እየፈታ ሸክላ ያስጮኻል። አገር ለቅቆ ሲሄድ ለሌሎቹ ሠራተኞች መፍቻና ክሪክ ሲያድል ለዳኜ አንድ ካርቶን ሸክላ ሰጣቸው።

“መፍቻው ቢደርሰኝ ዛሬ ባለጋራዥ ነበርኩ” ይሉ ነበር፤ ሲሉት ግን ቁጭት አይታይባቸውም።

የተዋወቅነው አትላስ አጠገብ በአንድ ጊቢ ውስጥ ነው። የውጭ አገር ሰዎች ከአገር ሲወጡ የቤት ዕቃቸውን በር ላይ አውጥተው ይሸጣሉ፤ እኔ ለመጽሐፍ እሄዳለሁ። አንድ ከባድ ካርቶን ላይ እጄን ሳሳርፍ ከወዲያ በኩል ሌላ እጅ አረፈበት። ቀና ስል ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ኮታቸውን እስከ ላይ የቆለፉ ሽማግሌ ናቸው።

“ከላይ ያለውን መጽሐፍ ውሰድ” አሉኝ፤ “ከሥር ያለውን አትንካ።”

“ከሥር ምን አለ?”

“አንተ የማትወደው ነገር።”

ሸክላዎቹን አንድ በአንድ እያወጡ ወደ ፀሐይ አንጋጠው ጠርዛቸውን ተመለከቱ፤ ጭረት ሲያገኙ ልክ የተጋጨ መኪና ፊት እንደቆመ ሰው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ከዚያ የት እንደምኖር ጠየቁኝ። ገርጂ አልኩ። ገርጂ የት? ኮንዶሚኒየሙ። የትኛው ሕንፃ? ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

“እንግዲያው ቅዳሜ ቅዳሜ ኮርኒስህን በእግሬ የምመታው እኔ ነኝ። በል ካርቶኑን ተሸከም፣ ጎረቤት ነህ።”

ተሸከምኩ። ከመገናኛ በተሳፈርንበት ሚኒባስ ረዳቱ “ፋዘር፣ ካርቶኑን ከላይ እንጫነው” ቢላቸው “አንተን ከላይ እንጫንህ” አሉትና እስከ ገርጂ ድረስ ጭናቸው ላይ አቅፈውት ሄዱ።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ትዕግሥት የምትኖረው ቦሌ ነው። በዚያ ቤት ሰው ለብቻው ይኖራል ለማለት ግን ያስቸግራል። ግድግዳው ከወለል እስከ ኮርኒስ ሸክላ ነው። የአልጋቸው ግማሽ ሸክላ ነው። የዕቃ ማስቀመጫው ቁም ሣጥን ውስጥ ከአንድ ድስትና ከሁለት ሳህን ውጪ ያለው ሁሉ ሸክላ ነው። “ሴቶቼ” ነው የሚሏቸው፤ ምክንያቱም የሚሰበስቡት በአብዛኛው የሴት ድምፅ ነው። “ወንዶቹ ይጮኻሉ እንጂ አይጎዱም” የሚል እምነት ነበራቸው። አንዱን ኦፔራ በሰባት ዓይነት ሴት የተዘፈነ አድርገው ይዘውታል፤ ለምን ሲባሉ፣ ሰባቱም የሚሞቱት በተለያየ መንገድ ነው ይላሉ።

ሥርዓታቸው ከቤተ ክርስቲያን ይጠብቅ ነበር። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፤ ጫማ ከውጭ፤ ስልክ ከጫማው ውስጥ። ሻይ የለም። አንድ ጊዜ ከኪሴ ቆሎ ባወጣ ሸክላውን አቁመው፣ “ቆሎ የሚበላው ኳስ ሜዳ ነው፤ ታክሲ ላሳፍርህ?” አሉኝ። ሸክላው ከመጀመሩ በፊት ታሪኩን ያስረዳሉ፤ ማስረዳታቸው ግን ረጅም አይደለም።

“ይቺ ትወደዋለች። እሱ ቂል ነው። ትሞታለች።”

“ባለፈው ሳምንት የሰማነውስ?”

“እዚያም ቂል ነው።”

ዘፋኞቹን የሚመዝኑት በሙያቸው ሚዛን ነው። ስለ አንዷ፣ “ቦዲዋ ያምራል፣ ሻንሲዋ ተጣሟል” ይላሉ። ስለ ሌላዋ፣ “ዳገት ላይ ማርሽ መቀየሯ ይሰማል።” አንዲት ግን ነበረች፤ የሽፋኗ ወረቀት በፕላስተር የተያያዘ፣ ከጣሊያናዊው ካርቶን የመጣች የመጀመሪያዋ። እሷን ሲሰሙ ከአፋቸው የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ “አልተነካችም!” ኢንሹራንስ ቤት ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

እኔ ደግሞ ሁሉ የሚወደውን ነገር መውደድ የሚከብደኝ፣ ማንም የማይወደውንም ለመውደድ የማልቸኩል ሰው ነኝ። ተከራከርኳቸው። በሳንባ በሽታ የምትሞት ሴት እንዴት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ትዘፍናለች? ጎረቤት የለም? ሐኪም የሚጠራ የለም?

“ለመኖር ስንት ዓመት ፈጀብህ?” አሉኝ። “ለመሞት ግማሽ ሰዓት በዛባት?”

እንዲህ ስንባባል ዓመታት ሄዱ። ከዚያ የሸክላው ድምፅ ከፍ እያለ መጣ።

ዱሮ ጋሽ ዳኜ ኦፔራቸውን የሚሰሙት በሚስጥር አረቄ እንደሚጠጣ ሰው መስኮት ዘግተው፣ ድምፅ ቀንሰው ነበር። ቀስ በቀስ ግን ጽሑፌ ላይ ተቀምጬ ከታች ቃል በቃል እሰማ ጀመር። ትዕግሥት ነገሩ ቀድሞ ገባት። “አባዬ፣ ጆሮህን ሐኪም ይይልህ” ስትላቸው፣ “ጆሮዬ ምንም አልሆነም፤ ማሽኑ ነው የደከመው” ይላሉ። ማሽኑንም ተሸክመው ጠጋኝ ዘንድ ደጋግመው ወሰዱት። ጠጋኙ ደህና ነው ባላቸው ቁጥር ውሸታም እያሉት ተመለሱ። የስንቱን ሾፌር “ፍሬን ይዤ ነበር” ሲያጋልጡ የኖሩ ሰው የራሳቸውን አላወቁትም፤ ወይም እንዳላወቁ ሆኑ።

የመጀመሪያው ለቅሶ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ቅዳሜ ነበር፤ እኔ የምጨርሰው ጽሑፍ ስለነበረኝ ወደ እሳቸው አልወጣሁም። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ መብራት ጠፋ። ጋሽ ዳኜ ድምፁ ሲሰወርባቸው ማሽኑ ደከመ ብለው የድምፅ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው አዞሩት። ሸክላው እንደማይዞር ሲያዩ መብራት መጥፋቱ ገባቸው፤ ተቀምጠው ይጠብቁ ጀመር። ያዞሩትን ግን አልመለሱትም። መብራት ሲመጣ መርፌው የነበረው ሴትዮዋ የፍቅረኛዋን ሞት በምትሰማበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ጋ ሙዚቃው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ እሷ ብቻዋን ትጮኻለች።

ሕንፃው ተናወጠ ብል ማጋነን አይደለም። ሁሉም ሰው በየቤቱ ያሰበው አንድ ዓይነት ነው። ጩኸቱ የሴት ነው። የመጣው ከጋሽ ዳኜ ቤት ነው። እዚያ ቤት ሴት የለችም፤ የምትመጣው ትዕግሥት ብቻ ናት። ስለዚህ ጋሽ ዳኜ ሞተዋል፤ የምትጮኸው ልጃቸው ናት። እኔ፣ ስንት ቅዳሜ ተቀምጬ የሰማሁት ሰው፣ እንደ ሌላው ሁሉ ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። ከፊቴ ዘይነባ ነበረች፤ ምድር ቤት ሱቅ ያላት የወሎ ሴት። ሱቋን ክፍት ትታ፣ ሻሿን አውልቃ ወገቧ ላይ አስራ “ውይ ጋሼን! ውይ ጋሼን!” እያለች። ከኋላችን ሕንፃው በሙሉ። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ግርማ ሥርዓት አዋቂ ሰው ስለሆኑ ገና ሬሳውን ሳያዩ ድንኳን እንዲመጣ ስልክ ደውለዋል።

በሩ ቅዳሜ አይቆለፍም። ስንገባ ጋሽ ዳኜ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ራሳቸው ወደ ጎን አዘንብሏል። ሴቶቹ ለቅሶውን አወረዱት። ክፍሉ ሞላ፣ ኮሪደሩ ሞላ፣ ሁሉም ይጮኻል። በዚህ መሃል የሟች ቀኝ እጅ ቀስ ብሎ ከወንበሩ መደገፊያ ተነሳና አየሩን መታ ያደርግ ጀመር።

“እሰይ!” አሉ ጋሽ ዳኜ፣ ሳይዞሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። “እሰይ! መዘምራኑ ዛሬ እንዴት ገቡ! ማሽኔ ነፍስ ዘራ!”

ከሴቶቹ አንዷ ኡኡ ብላ ወደቀች። የወደቀችበት ወለል ሲነቃነቅ ነው ጋሽ ዳኜ የዞሩት። አዩን። ነጠላ ያዘቀዘቀውን፣ ደረቱን የሚደቃውን፣ ሁሉንም ተራ በተራ አዩና ፊታቸው ላይ እውነተኛ ሐዘን መጣ።

“ማን ሞተ?” አሉ።

ዘይነባ በቁጣ፣ “እርስዎ ነዎት እንጂ!” አለቻቸው።

ያገኙትን ወንበር ሁሉ እየሳቡ ያቀርቡልን ጀመር። “ታዲያ ምን ትቆማላችሁ፣ ቁጭ በሉ” አሉ፤ ከዚያም ወደ ማሽኑ ሄደው መርፌውን አነሱት። “ከመጀመሪያው ካልሰማችሁት አያስለቅስም። ይቺ ትወደዋለች። እሱ ቂል ነው…”

ሰው ሁሉ ተቀመጠ። ምን ያድርግ? ለማልቀስ ተዘጋጅቶ መጥቶ ባዶ እጁን መመለስ ከብዶታል። ከታች የድንኳን ብረት ሲተከል ይሰማል። ዘይነባ ሴትዮዋ ከምትጮኸው ቦታ ስትደርስ እንደገና አለቀሰች፤ “ወላሂ ያሳዝናል፣ እናቷ የለችም እንዴ ይቺ ልጅ?” እያለች። በዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የደረሰችው፤ አቶ ግርማ ደውለውላት፣ ድንኳኑን አይታ፣ ደረጃውን ወድቃ ተነስታ። አባቷን ስታይ ግንቡን ተደግፋ ቁጭ አለች።

“መጣሽ? ማሽኑ ዳነ” አሏት። “መዘምራኑን ብትሰሚ! እንደዚህ ከገቡ ስንት ዘመናቸው!”

“አባዬ” አለች ትዕግሥት፣ ከንፈሯን እንዲያዩ ፊታቸው ተንበርክካ፤ “በዚህ ሸክላ ላይ መዘምራን የሉም። እነሱ ናቸው ሲያለቅሱልህ የነበሩት።”

ጋሽ ዳኜ እኛን አዩ። ሸክላውን አዩ። ከዚያ መርፌውን አንስተው ሸክላውን በጨርቅ ወለወሉት፤ ወደ ሽፋኑ እስኪመልሱት ድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ስለ ማሽኑ ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም።

ሐኪሙ የሰጣቸውን የጆሮ መስሚያ አንድ ቅዳሜ ሞከሩት። “ሴቶቼን ድስት ውስጥ የገባች ዝንብ አደረጋቸው” አሉና በመሳቢያ ቆለፉት። የቀረው የጆሯቸው ነገርም ከወር ወር እየሄደ ነበር። ትዕግሥት ወደ እሷ ቤት እንዲሄዱ ወሰነች፤ ሰፊ ክፍል አላት፣ ሠራተኛ አለች፣ ብቻቸውን ወድቀው ቢቀሩ ማን ይሰማል? ትክክል ነበረች። እኔ እንኳ ትክክል መሆኗን የምከራከርበት አላገኘሁም።

ጋሽ ዳኜ ግን በዚያ ለቅሶ ቀን ሌላ ነገር አግኝተው ነበር። ዘይነባን ስታለቅስ አይተዋታል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲደርስ ጎረቤት ይጠራሉ፤ እሳቸው፣ ቆሎ ለበላ ታክሲ የሚያሳፍሩት ሰው፣ ለዘይነባ ሻይ ራሳቸው ያፈላሉ። ወንበራቸውንም አዞሩት፤ ጀርባው ወደ ማሽኑ፣ ፊቱ ወደ እኛ። ሸክላው ይዞራል፣ እሳቸው ፊታችንን ያያሉ። ዘይነባ የሻሿን ጫፍ ወደ ዓይኗ ስታነሳ ጣታቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ “እዚህ ጋ ናት!” ደግሞም አይሳሳቱም። አቶ ግርማ ሲያንቀላፉ፣ “ቂሉ እየዘፈነ ነው” ይላሉ፤ እሱም ልክ ነው። እኔን ብዙም አይመለከቱኝም ነበር።

“ያንተ ፊት ዳሽቦርድ የሌለው መኪና ነው” አሉኝ። “ነዳጅ ይኑርህ አይኑርህ አይታወቅም።”

ልጃቸው ልትወስዳቸው የመጣች ዕለት ያሏት ይህንኑ ነው። “አንቺ ዘንድ ክፍል አለ። ሸክላውም ይገባል። ፊት ግን የለም። እዚያ የማንን ፊት ልይ?”

ትዕግሥት ወደ እኛ ዞረች። ብዙ ሰው ነበርን፤ ዘይነባ፣ አቶ ግርማ፣ እኔ፣ ሌሎችም።

“አንድ ነገር ቢሆንስ?” አለች።

“አብሽሪ የኔ እናት” አለቻት ዘይነባ። “በውሸቱ ቀን ያን ያህል የሮጥን፣ በእውነቱ እንቀራለን?”

አቶ ግርማ በእድሩ ስም ቃል ገቡ፤ ከዚያ ቤት ድምፅ ከተሰማ ሕንፃው በሙሉ ይወጣል። ትዕግሥት ያን ቀን አይታለች፤ ድንኳኑን፣ ኮሪደሩን የሞላውን ሰው። አመነችን። አባቷን የተወችልን ስለዚህ ብቻ ነው።

ለሁለት ክረምት ያህል ቅዳሜያችን ቀጠለ። ሰው ሲታመም፣ ሠርግ ሲሆን፣ የምንጎድልበት ጊዜ በዛ። ዘይነባም ሱቋ ሰው ስለሚበዛበት ዘግየት እያለች ትመጣ ነበር። ሕንፃው የጋሽ ዳኜን ሴቶች ለምዷቸዋል። ጩኸቱ ሲነሳ እናቶች ልጆቻቸውን አይጠሩም፤ ጊቢው ውስጥ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች እየተሳሳቁ ያስመስሏታል።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ ከሰዓት ማንም አልወጣም ነበር። ትዕግሥት ምሳ ይዛ መጣች፤ መኪናዋን ስታቆም አይቻታለሁ። ትንሽ ቆይቶ ከላይ የሴት ጩኸት ተሰማ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። ደህና አድርጋ ጀመረች አልኩ በሆዴ። አቶ ግርማ በረንዳቸው ላይ ጋዜጣቸውን ሳያወርዱ፣ “ዛሬ ደግሞ ከፍ አድርገውታል” ሲሉ ሰማኋቸው። ልጆቹ አስመሰሏት። ጩኸቱ ደገመ። የሕንፃው በሮች በሙሉ ዝግ ናቸው።

ከዚያ ከምድር ቤት ሌላ ጩኸት ተነሳ፤ ይህን ማንም ሊሳሳተው አይችልም። ዘይነባ ናት። “ውይ ጋሼን!” እያለች ደረጃውን ወጣች፤ በየፎቁ በአጠገቡ ያለፈችው በር ሁሉ ተከፈተ። ስንደርስ ዘይነባ ትዕግሥትን አቅፋት መሬት ተቀምጣለች። ጋሽ ዳኜ ወንበራቸው ላይ፣ ፊታቸው እኛ ወደምንቀመጥባቸው ባዶ ወንበሮች ዞሯል። መርፌው የሸክላውን መጨረሻ እየዞረ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ግማሽ ሰዓት እየዘፈኑ የሚሞቱ ሴቶችን ሲያደንቁ የኖሩ ሰው አንዲት ድምፅ ሳያሰሙ ሄዱ። ብነግራቸው “ሳይነካ ቆመ” ይሉ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ሦስተኛው ቀን ላይ ከዘይነባ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሌሎቻችን ስንት ቅዳሜ ተቀምጠን ሰምተን የሳትነውን እሷ ከምድር ቤት፣ ደንበኛ ከቧት፣ እንዴት እንዳወቀችው ጠየቅኳት።

ሻሿን ወደ ኋላ መለሰችና ወደ ትዕግሥት ተመለከተች።

“የጋሼ ሴቶች እኮ” አለችኝ፣ “ጮኸው ሲያበቁ ሙዚቃው ይቀበላቸዋል። አንድም ቀን ሳይቀበላቸው ቀርቶ አያውቅም። ይቺ ጮኸች፤ ጠበቅኩ። ደግማ ጮኸች። የሚቀበላት የለም።”